ያሸሁት እግር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ነፍሷን ይማረውና ሳትሰማው ሄደች። ልጆቼ አያውቁም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ በእሳቸው በኩል ጥፋቱ ግማሹ የኳስ ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ኳስ ይወዳሉ። ልናዘዝ ሄጄ ፊታቸው በተቀመጥኩ ቁጥር «እስቲ ያቺን የካምፓላዋን ጎል አንዴ ንገረኝ» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ኳሷ ከቀኝ ስትሻገር፣ እኔ ስዘል፣ በቴስታ ስመታት፣ በረኛው ቆሞ ሲያያት። እሳቸው በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናዘዝ? ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ትንንሹን ሁሉ ተናግሬ፣ ስግደት ተቀብዬ፣ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። አየህ፣ ገና ከመጀመሬ በካህኑ ላይ ላላክክ ሞከርኩ። እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንተ የምታነበው፣ ማን እንደሆንክ የማላውቅህ፣ ጎሌንም ያላየህ ሰው፣ አንተ ስማኝ።

የሰው እግር አበላሽቻለሁ። ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልቀመጥም ነበር። እያወቅኩ፣ በሁለቱ አውራ ጣቶቼ፣ በለጋ ቅቤ እያለሰለስኩ፣ «አይዞህ» እያልኩ ነው ያበላሸሁት።

መቐለ ውስጥ ዕድሜው ገፋ ያለ ወንድ ሁሉ ስሜን ያውቃል። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወትኩ አጥቂ ነኝ። ሮማናት አካባቢ ካፌ ስቀመጥ የማላውቀው ሰው ተነሥቶ ወንበር ይለቅልኛል፤ የባጃጅ ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ አባቱ ስለ እኔ የነገረውን ይደግምልኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ትሑት መስዬ «ኧረ ያኔማ ሁላችንም እንጫወት ነበር» እላለሁ። ትሕትና ስችልበት! ሰዎች ስለ ትሕትናዬ ጭምር ያመሰግኑኛል።

ሐፍቶምን ግን ማንም አያስታውሰውም። ሐፍቶም አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ሰፈር አድገን፣ አንድ ቡድን ገብተን፣ ፊት መስመር ላይ ጎን ለጎን የተሰለፍን። እኔ ጠንካራ ነበርኩ፤ እሮጣለሁ፣ እገፋለሁ፣ ከፍ ብዬ በቴስታ እመታለሁ። እሱ ሌላ ነገር ነበር። አንዲት አብዶ ነበረችው፤ ኳሷን በጫማው ሥር ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋትና ተከላካዩ ሲመጣለት በሌላው እግሩ ውጪ ገፍቷት ያልፋል። ሁሉም ያውቃታል፤ ማንም ሊያቆማት አይችልም። ተከላካዮቹ ራሳቸው ከተታለሉ በኋላ ይስቁ ነበር። በእኔ የተሸወደ ተከላካይ ስቆ አያውቅም፤ ይሰድበኛል እንጂ። ይህን ልዩነት ከማንም ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አየው ነበር። አብሬው ስስቅም አየው ነበር።

አንድ ሳምንት መልማዮች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተሰማ። ለብሔራዊ ቡድን አጥቂ ፈልገዋል፤ የእሑዱን ጨዋታ ያያሉ። የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከተማው ሁሉ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። አሠልጣኛችን ለብቻ ጠርቶኝ ትከሻዬን ይዞ ምን አለኝ መሰለህ? «እሑድ ኳስ ስታገኝ ለሐፍቶም ስጥ። ደኅና አድርገው ይዩት።» እሺ አልኩት። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእኔ ሕልም ይኖረኛል ብሎ አላሰበም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ልምምድ ላይ ሐፍቶም ጉድጓድ ውስጥ ረግጦ ወደቀ። ሜዳችን ጠጠር ነው፤ ዝናብ በሸረሸረው ቁጥር ጉድጓድ ይወጣበታል። ማንም አልነካውም፤ እኔም አጠገቡ አልነበርኩም። የወደቀው በራሱ ነው። ይህን የምነግርህ ንጹሕ ለመምሰል አይደለም፤ ክፋቱ ከየት እንደጀመረ በትክክል እንድታውቅ ነው። ተሸክሜው የሄድኩት እኔ ነኝ። በጀርባዬ አዝዬ፣ ትንፋሹ አንገቴ ላይ እያረፈ፣ ወደ ቤታችን ወሰድኩት።

ወደ ቤታችን የሄድነው አባቴ ወጌሻ ስለነበረ ነው። ከወሎ መጥቶ መቐለ የከተመ፣ እጁ የታወቀ ወጌሻ። ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት አባቴ ደጅ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት ያለው ጄሶ አጥንት ያበሰብሳል፣ ካበጠም ይቆርጡታል እየተባለ ይፈራ ነበር። አባቴ ይህን ወሬ አይወደውም ነበር፤ ከእጁ በላይ የሆነውን ራሱ ወደ ሐኪም ይልካል። እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ ሥራውን አስተምሮኛል። የታረደ በግ እግር ሰብሮ፣ በቆዳው ላይ አድርጌ እንድዳስስ እየሰጠኝ፣ ዓይኔን አስጨፍኖ ነው ያስተማረኝ። ትምህርቱ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ነገር ላይ ነበር። ወለምታ ይታሻል፤ ስብራት አይታሽም። ስብራት በሸምበቆ ታስሮ ዝም ይባላል። ስብራትን ያሸ ሰው አጥንቱን እርስ በርሱ ያፋጨዋል፣ ሥጋውንም ይቆራርጠዋል፤ ያ እግር ከዚያ በኋላ እግር አይሆንም።

ያን ቀን አባቴ አልነበረም። ወሎ ለቅሶ ሄዶ ነበር።

ሐፍቶምን መደብ ላይ አስቀመጥኩት። እናቱ ኣደይ ለምለም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሮጠው መጡ። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ አብጧል። ጣቴን አሳረፍኩ። ከሥሩ ተንቀጫቀጨ። ጨው በጨርቅ ቋጥረህ ስትጨብጠው እንደሚሰማህ ነው፤ ጆሮ ሳይሆን ጣት ነው የሚሰማው። በበጉ እግር ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስብራት ነበር። እንደ ስሜ አውቄዋለሁ። ጣቴን አነሣሁ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ስብራት ነው ወይስ ወለምታ?» አሉኝ ኣደይ ለምለም።

በዚያች ቅጽበት ምን አሰብክ ብትለኝ ብዙ አሰብኩ ማለት በወደድኩ ነበር። ሰይጣን መጣብኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ራሴን ሳትኩ ማለት በወደድኩ ነበር። ዓይኔ አልጨለመም። ቤቱ ብርሃን ነበር፤ ሐፍቶም እንደ ታቦት እያየኝ ነበር፤ እኔም አሠልጣኙ «ለሐፍቶም ስጥ» ሲለኝ የያዘው ትከሻዬ ትዝ አለኝ።

«ወለምታ ነው፣ ኣደይ» አልኩ።

ሐፍቶም እፎይ ብሎ ሳቀ። «ለእሑድ እደርሳለሁ ሓወይ?» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። እኔም ካልታሸ አይደርስም አልኩት። ካልታሸ! ገባህ? ተስፋውን ራሱን ነው መሣሪያ ያደረግኩት። ለእሑድ ለመድረስ ሲል ጥርሱን ነክሶ እግሩን ሰጠኝ።

ቅቤ ቀብቼ አሸሁት። የእናቱን ነጠላ ጫፍ ነክሶ ያላበው ላብ አሁንም ይታየኛል። በማግሥቱም ቤቱ ድረስ ሄጄ አሸሁት፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እብጠቱ ሲብስ ኣደይ ለምለም ፈሩና «እስቲ ሐኪም ቤት እንውሰደው ይሆን?» አሉ። «እንዲህ አብጦ ከወሰዳችሁትማ ይቆርጡታል» አልኳቸው። አባቴ የሚጠላውን ወሬ በአባቴ ቤት ስም ተናገርኩት። እሳቸውም አመኑኝ። የወጌሻ ልጅ ነኛ! ማንን ሊያምኑ ኖሯል? እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። ስብራት ነው ብዬ በሸምበቆ ባስረው ኖሮስ? ለእሑድ ያው አይደርስም ነበር። እኔው ነበርኩ የምመረጠው። መታሸቱ ለምን አስፈለገኝ? እዚህ ላይ ነው እኔም ራሴን የምፈራው። የእሑዱን ጨዋታ ብቻ ፈልጌ አልነበረም። ያቺን አብዶ ሁለተኛ ማየት አልፈለግኩም ነበር።

እሑድ ሐፍቶም በሁለት ሰው ተደግፎ ሜዳ መጣ። ታኬታውን በእጁ ይዟል። በቡድኑ ውስጥ ደኅና ታኬታ የነበረችው የእሱ ብቻ ነበረች። «ለእኔ ካልሆነች ለአንተ ትሁን፤ ሙሌ፣ በዚህች ተጫወት» ብሎ ሰጠኝ። ሙሌ የሚለኝ እሱ ነው፤ ሙሉጌታ ነው ስሜ። አሰርኳትና ገባሁ። ተከላካዩ ሲመጣብኝ እግሬ ራሱ ኳሷን ወደ ኋላ ሳባት፣ በሌላው ውጪ ገፋኋት፣ አለፍኩ። የሐፍቶምን አብዶ በሐፍቶም ታኬታ ሠራሁ። አገባሁ። ከመልማዮቹ አንዱ ተነሥቶ ቆመ። ጨዋታው ሲያልቅ ስሜን ጠሩ፤ አቅፎኝ ያለቀሰው ሐፍቶም ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በእኔ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በደስታ አለቀሰ።

እስካሁን የነገርኩህን አንድ ደግ ሰው ይቅር ሊለው ይችላል። ወጣት ነበርክ፣ ቀናህ፣ ተሳሳትክ ይለኛል። የሚቀጥለውን ይስማ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስሰናዳ፣ አባቴ ከለቅሶ ተመለሰ። የሐፍቶምን ነገር ሰምቶ ገና አቧራውን ሳያራግፍ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። እግሩን ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ዳሰሰ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ለሐፍቶም ምንም አላለውም። ቤት ስንደርስ በሩን ዘግቶ «እጅህ ነው ያላወቀው ወይስ ልብህ?» አለኝ። «እጄ» አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦ «ገና ነው። አጥንቱ ሳይጠና ተመልሶ ይሰበርና ይቃናል። ያማል፤ ግን ክረምቱ ሲያልፍ ይሮጣል። ነገ እሠራዋለሁ።»

ይሮጣል አለ። እኔ ደግሞ ገና ያልለበስኩት ማልያ ነበረኝ። በሚቀጥለው ዓመትም መልማዮች ይመጣሉ፤ ሐፍቶምም ይሮጣል።

በማለዳ አባቴን ቀድሜ ሐፍቶም ዘንድ ሄድኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። አባቴ አርጅቷል አልኩት። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ እኛ ቤተሰቡ ደብቀንለት ነው አልኩት። ባለፈው የአንዱን ክንድ አበላሽቷል አልኩት። ወለምታውን ስብራት ነው ብሎ ሊሰብርህ ቢመጣ እሺ አትበል፤ አሁን እኮ ድነሃል፣ ትንሽ ማነከስ ቢቀርህ ነው፤ ያ ደግሞ በጊዜ ይለቃል አልኩት። ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነበር። አባቴ በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው ነበር። ሐፍቶም አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። «ኣቦይ እንዳያፍሩ እኔ ራሴ እምቢ እላለሁ፤ አንተ ነገርከኝ አልልም» አለኝ። የአባቴን ክብር ሊጠብቅልኝ ማለት ነው። አባቴ መጥቶ ለመነው፤ ሐፍቶም እምቢ አለ። ኣደይ ለምለም ግን ከበር ኋላ ሆነው እኔ ያልኩትን ሰምተው ነበር፤ ለጎረቤት አወሩት፤ ጎረቤት ለገበያ አወራው። ወጌሻው እጁ ተንቀጠቀጠ ተባለ። ደጃችን እየቀዘቀዘ ሄደ።

አባቴ ወሬው ከየት እንደወጣ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ስመጣ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱን እጆቹን ፊት ለፊቴ ዘርግቶ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። አይንቀጠቀጡም ነበር። እኔም አያለሁ፤ እሱም እንደማያቸው ያውቃል። ምሳ ቀርቧል እባላለሁ፤ ተነሥቼ እበላለሁ።

ለመጀመሪያው ሰይጣንን ልክሰስ። ሁለተኛውንስ ማን ሠራው? ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ፣ ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ሄጄ የሠራሁት አይደለም?

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ የሚታወቀው ነው። ለአገሬ ተጫወትኩ። ናይሮቢ ተጫወትኩ፣ ካርቱም ተጫወትኩ፣ የካምፓላዋን አገባሁ። የሐፍቶምን አብዶ በየሜዳው ሠራኋት። አንድ የሬዲዮ ተናጋሪ በእኔ ስም ጠራት፤ ከዚያ ወዲያ በአገሩ ሁሉ በስሜ ተጠራች። ሐፍቶም መቐለ ሆኖ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰማት። ስመጣ እያነከሰ መኪና ተራ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝና «ሙሌ ዓርከይ፣ ጓደኛዬ፣ አብዶዋ እኮ ካይሮ ድረስ ታወቀች!» እያለ ዘለለ። በአንድ እግሩ ዘለለ። የእሱ ናት ብሎ ለሰው ነግሮ አያውቅም። እኔም ነግሬ አላውቅም። አንድ ጋዜጠኛ «ይህችን አብዶ ከማን ተማርካት?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ከእግዚአብሔር የተሰጠች ናት» አልኩት።

እግሩ ሳይቃና ደረቀ። ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አጥሮ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንደ ቋጠሮ ወጥቶ ቀረ። ከሮማናት ዝቅ ብሎ ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ሳሙናና ባትሪ ይሸጣል። አገባ፤ ለታይ የምትባል አንዲት ልጅ ወለደ። ኳስ ትቼ መቐለ ስመለስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከጎኑ መቀመጥ ልማዴ ሆነ። ለምን ትቀመጥ ነበር በለኝ። ጸጸት ይመስልሃል? እኔም እንደዚያ እንዲመስለኝ እፈልግ ነበር። እውነቱን ልንገርህ። ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «ይህ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» እያለ የሚያስተዋውቀኝ እሱ ነበር። እንደ ሐፍቶም ጥሩ አድርጎ የሚያወድሰኝ ሰው አልነበረም። ስለ እግሩ የጠየቀው ሰው ካለ ደግሞ ወደ እኔ እየጠቆመ «እሱ ባይኖር ያኔ ይቆርጡኝ ነበር። እግሬን ያተረፈልኝ እሱ ነው» ይላል። ያንን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ ነገርኩት፣ ዕድሜውን ሙሉ ደገመው።

ቋጠሮው ላይ ቁስል ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይመለሳል። በጦርነቱ ጊዜ መድኃኒት ሲጠፋ ቁስሉ ከፍቶ ከረመ፤ ከአጥንቱ መግል መጣ። ከዚያ ወዲህ በደኅና አልቆመም። ዘንድሮ ደግሞ ትኩሳት ያዘውና ለታይ ዓይደር ሆስፒታል ወስዳ አስተኛችው። ለታይ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ፈቃድ እየለመነች ነው የምታስታምመው። ደውላ «ሓወቦይ፣ አባቴ ይፈልግሃል» አለችኝ። አጎቴ ማለቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። በሚኒባስ ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ታያለች። «ይህ አሮጌ ስብራት ነው» አለች። «ስብራት አይደለም፣ ወለምታ ነበር» አላት ሐፍቶም እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ስብራት ነው አባቴ። ተሰብሮ እያለ አሽተውታል። አጥንቱ ተፋጭቶ፣ ያላግባብ ገጥሞ ነው እንዲህ የሆነው። ማን ነው ያሸው?»

ሐፍቶም ዓይኑን ወደ እኔ አላዞረም። ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። የዞርኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ሐኪሟ ዞሬ፣ ትሑት ድምፄን አውጥቼ «እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ልጆች ነበርን። ያኔ ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አልኩ።

«እንዴት ብሎ ያውቃል?» አለ ሐፍቶም ተሽቀዳድሞ። እጄን ያዘኝ። «ሓወይ፣ በልብህ እንዳታስገባው። ለእኔ ብለህ ነው የደከምከው። አላወቅክም።» ሐኪሟ ራጁን ወደ ቦታው መለሰች። መግሉ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ በማግሥቱ ከጉልበቱ በታች እንደሚቆረጥ ነገረችንና ወጣች። እኔ ላልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ተቀብዬ፣ የሠራሁትን በሆዴ ይዤ፣ ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ።

ልነግረው ይገባ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር ብልህ እንዳታምነኝ፤ አልመጣም። ብርቱካን ስልጥ የማስበው ብርቱካኑን ብቻ ነበር።

ሐፍቶም ለታይን ውሃ እንድትገዛ ላካት። በሩ ሲዘጋ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። ፊቱ ከስቷል። በሕይወቱ ሙሉ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

«ሙሌ፣ በሞቴ አታባብለኝ። እውነቱን ንገረኝ። ያን እሑድ ደኅና ብሆን ኖሮ፣ እኔን ነበር የሚወስዱት?»

አስበው። ኳስ ካቆምኩ ስንት ዘመኔ ነው። ያ ሜዳ ሕንፃ ተሠርቶበታል። መልማዮቹ ሞተዋል፤ አሠልጣኙም ሞቷል። ማልያዬን ብል በልቶታል። ብናገር የሚወሰድብኝ ምንም ነገር አልነበረም። ይህ ሰው ነገ እግሩን ይቆረጣል፤ ዛሬ የጠየቀኝ አንዲት ቃል ነው። አዎ፣ አንተን ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ከሁላችን ትበልጥ ነበር። ይህችን ብቻ። የእግሩን ነገር ሳልናዘዝ እንኳ ይህችን ልሰጠው እችል ነበር። እግሩን ይዞ ባይወጣ እንኳ፣ ይህችን ይዞ ወደ ቀዶ ጥገናው ይገባ ነበር።

«አይ» አልኩት። «እውነቱን ካልክ፣ ሊያዩ የመጡት እኔን ነበር።»

ተመልሶ ትራሱ ላይ ጋደም አለና ጣሪያውን እያየ ፈገግ አለ። «እሰይ» አለ። «እንግዲያ ያመለጠኝ ነገር የለም ማለት ነው። ይህን ዘመን ሁሉ ዝም ብዬ ነው የተብሰለሰልኩት።»

አንተ ደግ አንባቢ ከሆንክ አሁን ሰበብ እየፈለግክልኝ ይሆናል። ሊያጽናናው ብሎ ነው፣ ሰላም ሊሰጠው ብሎ ነው እያልክልኝ ይሆናል። አትበልልኝ። እሱን ለማጽናናት አላሰብኩም። ጥያቄው ከአፉ ሲወጣ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተጠራጥሮኝ ነበር ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ! እግሩን ወሰድኩ፣ አብዶውን ወሰድኩ፣ አባቴን አዋረድኩበት፤ የቀረችው ያቺ ጥርጣሬው ብቻ ነበረች፤ እሷንም ወሰድኩ። ስወስዳትም ደስ አለኝ። እጄ ላይ የብርቱካን ጭማቂ እየወረደ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ቆረጡት። ቀዶ ጥገናው ደኅና ሄደ፤ ትኩሳቱም ለቀቀው።

ሐፍቶም ይበልጠኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ለእሱ ያላልኩትን ለአንተ ማለት ምን ይረባል? ምንም አይረባም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እግሩ የአንተ አይደለም። እሱንም ይቅር በለኝ አልለውም፤ ብጠይቀው ይሰጠኛል፤ ከእሱ ደግሞ ሌላ ነገር መቀበል አልችልም።

ትናንት ከሰዓት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ከጎኑ አልጋ ለተኛው አዲስ ታማሚ ሲያወራ ሰማሁት። «ብሔራዊ ቡድን አጥቂ ሊመርጥ ሲመጣ እሱን ብሎ ነው የመጣው፤ ሌላ ሰው አላዩም። ራሱ ነው የነገረኝ፤ እሱ አይዋሽም» እያለ ነበር። ሰውየው አየኝና ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረ። እኔም ገብቼ፣ ወንበር ስቤ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ቁጭ አልኩ፤ ሐፍቶምም ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አወራለት።